ለሞተሩ ከፍለህ ለራስህ ትሰስታለህ?

“በዕቁብ ብር ሞተር ገዛሁ። መንጃ ፈቃድ አለኝ። ተጨማሪ ሥልጠና ብር ማባከን አይደለም ወይ?” ሲል አንድ ወጣት ጠይቆኛል።

ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተው ነበርኩ። መንጃ ፈቃዷ ኪሴ ከገባች ማን ያህለኛል! አንድ የክረምት ጠዋት ቦሌ መንገድ ላይ ታክሲ ሰው ለማውረድ ከፊቴ ቀጥ አለ። ደንግጬ የፊቱን ፍሬን ጭምድድ አደረግኩት። ሞተሩ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ! ክንዴ ተሰብሮ ሦስት ወር እናቴ አጎረሰችኝ።

ኋላ ሥልጠና ስገባ ገባኝ። ሞተርን በይበልጥ የሚያቆመው የፊት ፍሬን ነው፤ ግን ቀስ እየተባለ ይጠበቃል እንጂ ባንዴ አይያዝም። ዝናብ ሲጀምር ደግሞ አስፋልቱ ላይ ያለው ዘይትና አቧራ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

አልዋሽህም፤ ሥልጠና ብቻውን ከአደጋ አያድንም። ሄልሜት ከሌለህ በቅድሚያ እሱን ግዛ፤ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ከዚያ ተማር። ወንበር ላይ አስቀምጦ ለሚያወራልህ ግን አትክፈል፤ ሜዳ አውርዶ ፍሬን የሚያስይዝህን ፈልግ። እኔ ያለ ደመወዝ የተኛሁበት ሦስት ወር የሥልጠናውን ክፍያ ደጋግሞ ይከፍል ነበር።