ሁለት ሃይላንድ ይዞ በረሃ?

ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ አንድ የጉዞ ማስታወቂያ ሲዘዋወር ነበር። ከድሮ ተማሪዎቼ ሦስቱ «ቲቸር፣ እንሂድ ወይ?» ብለው ላኩልኝ። አሳል ሐይቅ፣ ጉቤት፣ ታጁራ፤ የጅቡቲ ባሕር ዳር በረሃ በእግር፣ ቦርሳ በጀርባ፣ ሦስት ቀን፣ በግንቦት ወር። ዋጋው ውስጥ ቲሸርት አለ፣ ፎቶ አንሺ አለ፣ ማታ ማታ ዲጄ አለ። ውሃ ግን «በቀን ሁለት ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ» ይላል። መንገድ የሚመራ የአገሩ ሰው ስለመኖሩ አንድ ቃል የለም፤ በስልክ ካርታ ነው የሚኬደው።

መልሴ፦ ቦታው ይኬድበታል፣ እንዲህ ግን አይኬድም።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ሙቀት ውስጥ ሸክም ይዞ የሚራመድ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ላብ ያጣል፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ። አምስት ሰዓት ከሄድክ አምስት ሊትር ወጣ ማለት ነው። የምግብ ማብሰያና የማታ መጠጫ ስትጨምርበት በቀን ከስድስት ሊትር በታች አይሆንም። በሦስት ቀን 18 ሊትር። 18 ሊትር ውሃ ደግሞ 18 ኪሎ ነው፤ ድንኳኑና ምግቡ ገና አልተጫነም። ማን ይሸከመዋል? ስለዚህ ወይ ግመል፣ ወይ ውሃ ቀድሞ የሚያደርስ መኪና ያስፈልጋል። ውሃ ብቻ መጋትም አይበቃም፣ ከላቡ ጋር የወጣው ጨው መተካት አለበት። ማስታወቂያው ላይ ካየሁት ነገር ሁሉ ደሜን ያፈላው ይሄ ሁለት ሃይላንድ ነው። ዲጄውን እንኳ ይቅር ልበለው።

ወሩም ሌላ ጣጣ ነው። እዚያ አገር ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ለሰው ይሆናል፤ በዚያው ጊዜ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዌል ሻርክ የሚባለው፣ አውቶቡስ የሚያህል ግን ሰው የማይነካ ዓሣ ይታያል። በግንቦት ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፣ ከዚያ በኋላ ያልፈዋል። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1934 (እ.ኤ.አ.) የአዋሽን ውሃ ተከትሎ አቤ ሐይቅ ከደረሰ በኋላ፣ በአሳል በኩል ወርዶ ታጁራ የገባው በግንቦት ነበር። መንገዱ ላይ ግመሎች አልቀውበታል። ግመል ነው የምላችሁ!

«ሰው ያልረገጠው ምድር» የምትለዋ ሐረግም አለች። ኧረ ተዉ! ሐረር ላይ ቤት ያለው ራምቦ፣ ያ ፈረንሳዊ ገጣሚ፣ በ1886 ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ጭኖ የተነሳው ከታጁራ ነው፤ ወደ ሸዋ ለመድረስ ወራት ፈጅቶበታል። ከእሱ በፊትም በኋላም የአፋር ሰው የአሳልን ጨው በግመል ወደ ደጋ ሲያወጣ ኖሯል። ሰው የረገጠው፣ ከማንም በላይ የሚያውቀው ምድር ነው።

በነገራችን ላይ ጂኦግራፊ ስናስተምር «የአገራችን ዝቅተኛ ቦታ ኮባር፣ ከባሕር ወለል በታች 116 ሜትር» እንላለን። አሳል ደግሞ 155 ሜትር ገደማ ነው፣ ከአፍሪካ ዝቅተኛው። ከባሕሩ የሚለየው አሥር ኪሎ ሜትር የማይበልጥ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በድንጋዩ ስንጥቅ ከጉቤት የባሕር ውሃ እየሰረገ ይገባል፣ ፀሐዩ ያተነዋል፣ ጨው ይቀራል። አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ በ1978 እዚያው መሀል ፈንድቷል። መሬት ስትሰነጠቅ በዓይን የሚታይበት ቦታ ነው። ለዚህ ነው «ሂዱ» የምለው፤ እኔም አምና ጥር ላይ አሥራ አንድ ሆነን፣ አብዛኞቻችን መምህራን፣ ሦስት ቀን ተጉዤበታለሁ።

መሪያችን የአፋር ሽማግሌ ነበሩ። ሁለተኛው ቀን ጠዋት ከአንድ ግመል ነጂ ጋር ተገናኙ። ሁለቱም ቁጢጥ ብለው ዳጉ ጀመሩ። ዳጉ ለማታውቁ፣ የአፋር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳያጎድል የሚለዋወጥበት ሥርዓት ነው፦ ዝናቡ፣ ውሃው፣ ግጦሹ፣ ያለፈው እንግዳ። እኛ ፀሐይ ላይ ቆመን «መቼ ነው የሚያልቀው» እያልን እናጉረመርማለን። ሲጨርሱ መሪያችን ተነስተው መንገድ ቀየሩ። ልናድርበት ያሰብነው ቦታ ያለው ጉድጓድ ውሃው ተበላሽቷል አሉ። ይሄን የትኛው የስልክ ካርታ ይነግርሃል?

ከሰዓት በኋላ አምስት ልጆች አገኘን። ነጠላ ጫማ፣ አንድ አንድ የተጨማደደ ሃይላንድ፣ ሌላ ምንም የለም። ትልቁ ሃያ ዓመት አይሞላውም። «ጋሼ፣ ኦቦክ ስንት ሰዓት ይቀረናል?» አለኝ። ሰዓት ነው ያለው። ገና ስንት ቀን የሚቀረውን መንገድ። ከእኛ አንዱ ስልኩን ሲያነሳ መሪያችን በመዳፋቸው ወደ ታች መለሱት። ከግመሉ ላይ ጀሪካን አውርደን ጠርሙሳቸውን ሞላን፣ በሶና ስኳር ሰጠን። አረፍ በሉ ብንላቸውም አልቆሙም።

ኦቦክ ላይ ደግሞ ጀልባው አለ። በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ አጋማሽ ኢትዮጵያውያን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በዚያው ጠረፍ ሰጥመው ከ50 ሰው በላይ ሞቷል። ከየመን ሲመለሱ ነበር። ወደ ቤት ሲመለሱ!

አንድ ወዳጄ ይሄን ስነግረው «ወገን በሚሞትበት መንገድ ለሽርሽር መሄድ ነውር ነው» አለኝ። አልስማማም። ካልሄድን ለመሪያችን የምንከፍለው ገንዘብ አይደርሳቸውም፣ ያ ጀሪካንም እዚያ አይገኝም ነበር። የማይሄደው ሰው ንጹሕ ሆኖ ቤቱ ስለተቀመጠ የተረፈ ልጅ የለም። ነውር የምለው በዚያ መንገድ ላይ ዲጄ መክፈትን ነው፣ የተጠማን ልጅ ቪዲዮ ቀርጾ ላይክ መሰብሰብን ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ልጆቻችን ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ ብለው በቃላቸው ይወጡታል። አንድ ሰው በረሃ ውስጥ በቀን ስንት ሊትር እንደሚያስፈልገው የሚጠይቅ ፈተና ግን አይቼ አላውቅም። በየዓመቱ መስከረም ስም ስጠራ «አቤት» የማይል አለ። ጓደኞቹ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ «ሄደ» ይላሉ፣ ወዴት ብዬ አልጠይቅም። ደላላው «ትንሽ መንገድ ነው» ሲለው ቢያንስ ሒሳቡን ሠርቶ «ውሸትህን ነው» የሚልበት እውቀት ከእኛ ክፍል ይዞ መውጣት ነበረበት። ዘንድሮ ለዘጠነኛ ክፍል ከላይ የሠራነውን የ18 ሊትር ሒሳብ ፈተና ላይ አወጣዋለሁ። መምህር የሆናችሁ ወዳጆቼም ብትወስዱት ደስ ይለኛል፣ ፈቃድ አያስፈልገውም።

ለሦስቱ ተማሪዎቼ፦ ብሩን አትክፈሉ፣ ኅዳርን ጠብቁ። ስድስት ሰው ከሞላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ከመሪያችን ጋር አገናኛችኋለሁ። የግመሉ ኪራይ ለብቻው ነው፣ እሱ ላይ እንዳትከራከሯቸው።