ወባ የያዛት ቮልስ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት በሽተኛ ነው። ዕድሜዋ ከሃምሳ ዓመት በላይ፣ ሕመሟም መንቀጥቀጥ ነው። ሰው እንዳትመስላችሁ፤ ባለቤቴ ትቶልኝ የሄደው፣ በ1968 እ.ኤ.አ. የተሠራች ቮልስ ናት። የሌሊት ተረኛ ስሆን ሆስፒታል የሚያደርሰኝ በእሷ ነበር።

እሱ ካረፈ በኋላ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች። አምና ትንሹ ልጄ "እማዬ፣ እኔ ላድሳት" አለ። ቦዲዋ ተበየደ፣ ቀለም ተቀባች፣ ሞተሯና ካምቢዮዋ ወርደው ያረጀው ዕቃ ተቀየረ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አያት። ታዲያ ልጄ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ሲለቅ፣ ወባ እንደያዘው ሰው ተንዘፈዘፈች። ዳገት ላይማ ባሰባት።

አንድ ጋራዥ "ዲስኩ ነው" አለን። ሞተሩ እንደገና ወረደ፣ አዲስ ዲስክ ገባ፣ ብዙ ገንዘብ ወጣ። መንቀጥቀጡ ግን እንዳለ ነው። ልጄ ተስፋ ቆርጦ "እንሽጣት" ሲል አንጀቴ ተላወሰ።

ያኔ ነርስነቴ ተነሳብኝ። እኛ የተማርነው በሽተኛውን ከመንካት በፊት መጠየቅን ነው።

"መቼ ነው የሚነሳባት? ቆማ ሞተሯ ሲሠራ? ወይስ ስትሮጥ?"

"ፔዳሉን ስለቅ ብቻ ነው። ከሄደች በኋላ ጸጥ ትላለች።"

"ከመታደሷ በፊትስ ነበረባት?"

"አባዬ ሲነዳት እኮ ጨርሶ አልነበረባትም።"

"እንግዲያው ስትታደስ ምን ተነካ?"

ይህን ጥያቄ ይዘን፣ ሰፈራችን ወዳሉ ቮልስ ሲጠግኑ ወዳረጁ መካኒክ ሄድን። ከሥሯ ተንጋለው ገቡና "ሲስተር፣ ጥያቄዎ ልክ ነው" አሉኝ።

የቮልስ ሞተር ያለው ከኋላ ነው። ስለዚህ የፍሪሲዮኑ ሽቦ ከፔዳሉ ተነስቶ በወለሉ መሐል ካምቢዮው ድረስ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይም በሚተጣጠፍ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ይህ ቱቦ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ታች መጉበጥ አለበት። የእኛው ሲታደስ ቀጥ ብሎ ተገጥሟል። መኪናዋ ስትነሳ ሞተሩና ካምቢዮው በተቀመጡበት ጎማ ላይ ትንሽ ይወዛወዛሉ። ቱቦው ካልጎበጠ ውዝዋዜው ሽቦውን ይስበዋል፣ ይለቀዋል፤ ፍሪሲዮኑም ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። መንቀጥቀጡ ይኸው ነው።

መካኒኩ በቱቦው ጫፍ ሮንዴላ ጨምረው አጎበጡት። ፔዳሉም ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር በባዶ እንዲሄድ ሽቦውን አስተካከሉ። በቃ! ይህ ባይሆን ኖሮ ቀጥሎ የሚያዩት ካምቢዮውን የተሸከሙት ጎማዎች መሰንጠቃቸውን፣ ከዚያም ዘይት አፍስሶ ዲስኩን መንካቱን እንደነበር ነገሩን። ሞተር ማውረድ የመጨረሻው ነው። ኦፕራሲዮንም እንዲሁ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የድሮ መኪና የፍሪሲዮን ዲስክና የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ በአፍም በኮምፕሬሰርም አይነፋ፣ በደረቁም አይጠረግ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይነሳ። የልጅ ልጆቻችሁን ከአካባቢው አርቁ። የሥራ ልብሱም ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ።

ለልጅም ሆነ ለመኪና፣ ከመድኃኒቱ በፊት ጥያቄው ይቅደም። "መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት ምን ተለወጠ?" ማለት ገንዘብ አያስከፍልም።

ባለፈው እሑድ ልጄ በቀድሞው የሥራ መንገዴ፣ በዚያው ዳገት ወሰደኝ። ቮልሷ አልተንቀጠቀጠችም። እኔ ግን የአባቱን ወንበር ይዞ ሳየው ትንሽ ተንቀጥቅጫለሁ።