በ«ላራሹ» ውስጥ ያለችው «ለ»

ከዓመታት በፊት በአንድ የሙያ ማኅበር ጉባኤ ላይ የአቋም መግለጫ እንዲያረቅቁ ከተመረጡት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ተሳታፊው አዳራሽ ውስጥ ገና እየተከራከረ ሳለ እኛ ጎን ካለች ጠባብ ክፍል ገብተን መጻፍ ጀመርን። «እኛ የጉባኤው ተሳታፊዎች በአንድ ድምፅ» ብለን ስንጽፍ ድምፅ ገና አልተሰጠም ነበር። ስድስት ነጥብ አወጣን። ከሻይ ዕረፍት በኋላ ወጥቼ አነበብኩት፤ ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሲበርድ ከፊት የተቀመጡ አንድ አረጋዊ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ንባብህ ያምራል፤» አሉኝ። «እነዚህን ‘እንዲደረግ’፣ ‘እንዲሻሻል’፣ ‘እንዲጠናከር’ ያልካቸውን ግን ማነው የሚያደርጋቸው?»

መልስ አልነበረኝም። ሰብሳቢው «እሱ በአፈጻጸም ጊዜ ይታያል» ብለው አለፉት። ወረቀቱን መልሼ ሳየው ስድስቱም ነጥቦች አድራጊ የሌላቸው ነበሩ። አማርኛችን ለዚህ ይመቻል፤ አንዲት «ተ» ከግሡ ፊት ስትገባ ባለቤቱ ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቶ ይሄዳል። ተወሰነ፣ ተፈታ፣ ተከበረ እንላለን፤ ወሳኙም ፈቺውም አክባሪውም አይታዩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መግለጫ፣ ፕሮግራም፣ ማኒፌስቶ የሚባል ነገር እጄ ሲገባ የእኚያን አባት ጥያቄ ይዤ ነው የማነበው። ስሙ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው፤ ብሶት ይቆጥራል፣ ጥፋተኛ ይሰይማል፣ መድኃኒት ያዝዛል። ከነዚህ ሦስቱ አብዛኛውን ጊዜ በማስረጃ የሚደገፈው ብሶቱ ብቻ ነው። ብሶቱ ደግሞ በቆዳችን ላይ ያለ ስለሆነ ማስረጃም አያስፈልገንም፤ ራሳችን ምስክሮች ነን። ጭንቅላታችንን እየነቀነቅን እናነባለን፤ ሳናውቀው በዚያው ንቅናቄ ጥፋተኛውንም መድኃኒቱንም እንቀበላለን። ሕመማችንን አሳምሮ የነገረን ሰው መድኃኒቱንም የሚያውቅ ይመስለናል። እኔ የምለው ይኼንን ነው፤ ብሶቱ እውነት መሆኑ መድኃኒቱን እውነት አያደርገውም። ሁለቱ የየራሳቸው ማስረጃ ይፈልጋሉ።

ይህን መጠየቅ ከውጭ የምንማረው ነገር አይደለም። አባቶቻችን በላ ልበልሃ ሲሟገቱ ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ይቆሙ ነበር። መንገደኛ ሳይቀር «ዳኘን» ተብሎ ከመንገዱ ይቆም ነበር። ተሟጋቹ «ተጠየቅ!» ሲባል ሸሽቶ የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም፤ ለተናገረው ሁሉ መልስ ይሰጥ ነበር። ማኒፌስቶ የሚጎድለው ይሄው ነው። ባላጋራው የሌለበት ሙግት ስለሆነ ከሳሹ ብቻውን ቆሞ ይናገራል፣ ብቻውን ይፈርዳል። «ተጠየቅ» የሚለውን ቃል ማውጣት ያለበት እንግዲህ አንባቢው ነው፤ ደጋፊ የሆነው አንባቢ ደግሞ ከሁሉም በላይ።

በሁለት ቃል ያለቀውን ማኒፌስቶ እንውሰድ። በየካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ፓርላማው ሲተሙ የጮኹት «መሬት ላራሹ» በዚህች አገር ከተጻፉት ረጃጅም ፕሮግራሞች ሁሉ የበለጠ ሥራ ሠርቷል። ብሶቱ አከራካሪ አልነበረም። በተለይ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ጭሰኛው ካመረተው ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጥ ነበር። በዚያ ላይ ጉልበቱን፣ ማሩን፣ በጉን ይጨምር ነበር። ይህን ሁሉ አድርጎ ነገ «ተነሥ» ቢባል የሚይዘው ዋስትና አልነበረውም። ይህን እያየ «መሬት ላራሹ» ያላለ ወጣት ምን ዓይነት ወጣት ይሆን ነበር?

ግን ሁለቱን ቃላት ቀስ ብለን እንያቸው። «አራሹ» ማነው? መፈክሩ አንድ ሰው አድርጎ ይጠራዋል። በሰሜኑ የርስት አገር ግን ብዙው አራሽ ራሱ ባለርስት ነበር፤ መሬቱ ጠባብ፣ ክርክሩ ብዙ፣ ግብሩም ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ግን የጭሰኛው ችግር አልነበረም። የአንዱ አካባቢ ሥዕል የአገሩ ሁሉ ሥዕል ሆኖ ቀረበ።

ከዚህ የምትበልጠው ደግሞ ያቺ «ለ» ናት። «መሬት ላራሹ» ማለት መሬቱ የአራሹ ሀብት ይሁን፣ ይሽጠው፣ ይለውጠው፣ ያውርሰው ማለት ነው? ወይስ አራሹ ይረስበት፣ ይጠቀምበት ማለት ነው? ወይስ አራሾች በጋራ ይያዙት ማለት ነው? አማርኛው ሦስቱንም ይፈቅዳል። ሰልፉ ላይ ጎን ለጎን የሄዱ ሦስት ተማሪዎች አንድ ድምፅ እያሰሙ ሦስት የተለያየ አገር በልባቸው ይዘው ሊሆን ይችላል። መፈክር ሰውን የሚሰበስበው እንዲህ ባሉ ፊደሎች ነው። ሰው በተሰበሰበ ማግሥት ሲበታተንም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እነዚያው ፊደሎች ናቸው።

ለ«ለ» መልስ የተሰጣት የካቲት 25 ቀን 1967 ነው። በአዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት ሁሉ የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር እንዲያርስ ተፈቀደለት፤ መሸጥ፣ ማከራየት፣ በዋስትና ማስያዝ ተከለከለ። ጭሰኝነት በአንድ ቀን ተሻረ። አዲስ አበባ በደስታ ሰልፍ ተጥለቀለቀች። እኔ በበኩሌ ያ ቀን በአገራችን ታሪክ ከታላላቆቹ ቀናት አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የባለመሬቱን ደጅ እየጠና የኖረ ገበሬ ቀና ያለበት ቀን ነው። ያም ሆኖ «ለ» የተፈታችው በ«ይጠቀምበት» ነው። ባለቤቱ «ሕዝብ» ተባለ። በሕዝቡ ስም የሚያዝዘው መንግሥት ሆነ። ጥቂት ዓመታት አልፈው ያው ገበሬ እህሉን በኮታ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እንዲያስረክብ ተጠየቀ፤ ቀጥሎም ቤቱን አፍርሶ ወደ ተመሠረተለት መንደር እንዲገባ ታዘዘ። መሬቱ የእኔ ነው ብሎ የሚከራከርበት ወረቀት አልነበረውም።

መፈክሩ ስህተት ነበር ማለቴ አይደለም። ሁለት ቃል የግርጌ ማስታወሻ አይሸከምም፤ በሰልፍ መካከልም ቆሞ «ይህቺ ‘ለ’ ምን ማለት ናት?» የሚል አይኖርም። ከሰልፉ በፊትም በኋላም ግን ጊዜ ነበር። ከ1957 እስከ 1967 አሥር ዓመት ነው። ጥያቄዋ ዛሬም አላለቀችም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች አድርጎ ሽያጩን ሲከለክል፣ በ1997ቱ ምርጫ ፓርቲዎች በቴሌቪዥን ሲፋጠጡ፣ ክርክሩ በዚያችው በአንዲት ፊደል ላይ ነበር።

አድራጊና ባለቤት ሲጠፋ ከዚህም የከፋ ነገር ይመጣል። በሚያዝያ 1968 የወጣው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም የሰፊውን ሕዝብ ጠላቶች ሦስት አድርጎ ቆጠራቸው፤ ፊውዳሊዝም፣ ኢምፔሪያሊዝም፣ ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝም። ሦስቱም ሰው አይደሉም። ስም፣ አድራሻ፣ የሚታወቁበት መለያ የላቸውም። «ሰፊው ሕዝብ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ማን ውስጥ እንደሆነ፣ ማን ውጭ እንደሆነ ልኩን የሚነግር መስፈሪያ የለውም። እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቀርም። የፕሮግራሙ ጠላት ሐሳብ ነበር፤ ወደ ቀበሌ ሲወርድ ግን ሥጋ ለብሶ የጎረቤት ልጅ ሆነ። በቀይ ሽብር ዓመታት «ፀረ ሕዝብ» የሚለው ቃል ማንን ማለት እንደሆነ የሚወስነው ጠመንጃ የያዘው ሰው ነበር። «ጠላት» የሚል ቃል በመግለጫ ላይ ሳይ ከጎኑ የምጽፈው ጥያቄ ስለዚህ አንድ ነው፤ አንድ ሰው ጠላት አለመሆኑን በምን ማስረዳት ይችላል? መልሱ «በምንም» ከሆነ ወረቀቱን ይዤ ማጨብጨብ አልችልም።

ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረ አንድ አዋጅ ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ታኅሣሥ 5 ቀን 1953 በመንግሥቱ ንዋይና በወንድማቸው በገርማሜ የተመራው መፈንቅለ መንግሥት አዋጁን በልዑል አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ድምፅ በራዲዮ አስነገረ። አዲስ ነፃ የወጡት የአፍሪካ አገሮች ወደፊት ሲራመዱ ኢትዮጵያ ወደኋላ መቅረቷን አነሣ። መድኃኒቱ ላይ የሳሳ አዋጅ ነው። በውስጡ ግን ገበሬውም ወታደሩም ሊያረጋግጠው የሚችል አንድ ቃል ነበር፤ አልጋ ወራሹ በሕገ መንግሥት ሥር እንደማንኛውም ኢትዮጵያዊ በደመወዝ ሊያገለግሉ መስማማታቸው። አድራጊው በስሙ አለ፣ የሚያደርገውም ነገር ተቆጥሮ ይታወቃል። ሙከራው በሦስት ቀን ከሸፈ፤ ቃሉ ሳይፈተን ቀረ።

አሁን ወደ ከበደው ልምጣ። ተማሪው ዋለልኝ መኮንን ኅዳር 8 ቀን 1962 «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ በእንግሊዝኛ ያወጣው ጽሑፍ በጥቂት ገጾች ያለቀ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ እንደ ታቦት የሚሸከሙት አሉ፤ እንደ መርገም የሚተፉበት አሉ። ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ጠይቄአለሁ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦት ያገኘሁት ጥቂት ነው።

ጽሑፉን ስናነበው ብርቱ የሆነው ክፍል ጥያቄ የሚጠይቅበት ነው። የኢትዮጵያ ባህል የቱ ነው፣ ቋንቋዋ፣ ሙዚቃዋ፣ ልብሷ የማን ነው እያለ አንባቢውን ወደ ራሱ ትዝብት ይመልሰዋል። ይህ ሊፈተን የሚችል ሙግት ነው፤ አንባቢው ዙሪያውን አይቶ «ልክ ነው» ወይም «ልክ አይደለም» ሊል ይችላል። ከዚህ ተነሥቶ ኢትዮጵያ ገና አንድ ብሔር አልሆነችም ይላል። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን «ስለዚህ» በእርሳስ ልናከብበው ይገባል፤ እኩልነት ከመጉደሉ ተነሥቶ አንድነቱ ራሱ የውሸት ነው ወደሚል ፍርድ ለመሻገር መሐል ላይ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። ከዚያ የሁሉም ብሔረሰብ እኩልነት የሚከበርበት እውነተኛ አገር ያስፈልጋል ይላል፤ በዚህ ብዙዎቻችን እንስማማለን። መንገዱ ግን አብዮታዊ የትጥቅ ትግል ነው ሲል ሁለተኛው «ስለዚህ» መጣ። ጠመንጃ እኩልነትን እንዴት እንደሚወልድ ማስረጃው እዚህ ላይ ይሳሳል፤ ሶሻሊዝም ይፈታዋል የሚለው እምነት የማስረጃውን ቦታ ይዞታል። እኔ ብሶቱን ከሞላ ጎደል ተቀብዬ መድኃኒቱን የማልቀበለው ለዚህ ነው።

ተሸካሚዎቹም ተፊዎቹም የሚዘሉት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ዋለልኝ መገንጠልን ያለ ቅድመ ሁኔታ አልደገፈም። በገበሬውና በሠራተኛው የተመራ፣ ለሌላው ጭቁን ወገንተኝነት ያለው ከሆነ ነው ያለው፤ በጊዜው የነበሩትንም እንቅስቃሴዎች በዚሁ መመዘኛ ነቅፏቸዋል። መፈንቅለ መንግሥትንም መፍትሔ አይደለም ብሎታል። «ከሆነ» የምትለዋ ቃል ከጽሑፉ ስትወጣ የቀረው ሌላ ጽሑፍ ነው። እኛ ሃምሳ ዓመት የተጣላነው በዚያ በሌላው ላይ ይመስለኛል።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ልለምንህ፣ ልለምንሽ። የምትጠሉትን ወገን መግለጫ ተዉት፤ ስህተቱን ሳትፈልጉትም ታገኙታላችሁ። የምትደግፉትን አምጡና በእርሳስ «ስለዚህ»ዎቹን ክበቡ፣ ከእያንዳንዱ «ይደረጋል» ጎን አድራጊውን ጻፉ፣ «ከሆነ» የሚል ካለም አትዝለሉት።

ጊዜ ያገኘ ጸሐፊም የራሱን ወረቀት እንዲህ መልሶ ያነባል፤ ማርክስና ኤንግልስ የኮሚኒስት ማኒፌስቶን ያሳተሙት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1848 ነው፤ ሁለቱም 30 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። በ1872 አዲስ እትም ሲወጣ መግቢያ ጻፉለት። በመግቢያው ላይ ማኒፌስቶው የዘረዘራቸው እርምጃዎች በአንዳንድ ዝርዝራቸው ጊዜ እንዳለፈባቸው፣ ያ ክፍል አሁን ቢጻፍ በብዙ መልኩ ሌላ እንደሚሆን ራሳቸው ተናገሩ። ይህን ለማለት 24 ዓመት አግኝተዋል። ዋለልኝ ጽሑፉ በወጣ በሦስተኛው ዓመት፣ ኅዳር 29 ቀን 1965፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ለመጥለፍ በተደረገ ሙከራ ከጓዶቹ ጋር ተገደለ። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር።