ሳይንስ ለወጣቶች፦ የሠራናት መብራት እምቢ ስትል



በቤታቸው የኤሌክትሮኒክስ ሙከራ የሚያደርጉ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ ተስፋ የሚቆርጡት አንድ ቦታ ላይ ነው። ሥዕሉን አጥንተው፣ ከኪሳቸው ቆጥበው ዕቃዎቹን ገዝተው፣ ሽቦውን ሁሉ አገናኝተው ባትሪውን ሲሰኩ ምንም አይታይም። ያን ጊዜ አንዱ ሁሉንም ነቅሎ ከመጀመሪያው ይነሣል፤ ሌላው «አይሲው ተቃጥሏል» ብሎ አዲስ ሊገዛ ይወጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ይህ ሙያ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ሦስቱም ያልጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ኤሌክትሪኩ እስከ የት ደረሰ? የዛሬው ዝግጅታችን ይህን ጥያቄ እንዴት እንደምንጠይቅ ያሳያል።

ለምሳሌ የምንወስደው ብዙ ጀማሪዎች የሚሠሩትን፣ ብልጭ ድርግም የምትለውን ትንሽ መብራት ነው። የዚህ ሥራ ልብ 555 የሚባለው ባለ 8 እግር አይሲ ነው። ይህን አይሲ ሐንስ ካመንዚንድ የተባለው መሐንዲስ በ1971 እ.ኤ.አ. ሲግኔቲክስ ለተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነደፈው፤ በ1972 ለገበያ ቀረበ፤ ዛሬም በብዛት ይመረታል። የሚያስፈልጉን ሌሎች ዕቃዎች 9 ቮልት ባትሪ፣ የ10 ኪሎ ኦም፣ የ68 ኪሎ ኦምና የ470 ኦም ሬዚስተሮች፣ የ10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር እንዲሁም አንድ ቀይ ኤል.ኢ.ዲ. ናቸው።

ግንኙነቱ እንዲህ ነው፦ 8ኛውና 4ኛው እግር ወደ ፖዘቲቭ፣ 1ኛው ወደ ኔጌቲቭ ይሄዳሉ። የ10 ኪሎ ኦሙ ሬዚስተር ከፖዘቲቭ ወደ 7ኛው እግር፣ የ68ቱ ከ7ኛው ወደ 6ኛው ይገባል። 6ኛውና 2ኛው እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ከእነርሱ ወደ ኔጌቲቭ ካፓሲተሩ ይቆማል። ከ3ኛው እግር በ470 ኦሙ በኩል ኤል.ኢ.ዲ.ዋ ወደ ኔጌቲቭ ትገናኛለች። በትክክል ከተሠራ መብራቷ በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ያህል ብልጭ ትላለች።

አሁን እምቢ አለች እንበል። በመጀመሪያ ባትሪውን ነቅለን በዐይናችን እንመርምር። በአይሲው ጀርባ ያለው ጎድጓዳ ምልክት ወደ ላይ ሲሆን 1ኛው እግር በስተግራ ከላይ ያለው ነው። ከዚያ በግራ በኩል ወደ ታች እስከ 4፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ከታች ወደ ላይ ከ5 እስከ 8 ይቆጠራል። ብዙ ሰው በቀኝ በኩልም ከላይ ወደ ታች እየቆጠረ ይሳሳታል። የኤል.ኢ.ዲ.ዋ ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው። ካፓሲተሩም ኔጌቲቩ በሰውነቱ ላይ ምልክት ስላለው ተገልብጦ እንዳይገባ እንጠንቀቅ።

ሁለተኛ፣ ባትሪውን ሰክተን ቮልቱን በቴስተር እንለካ። የምንለካው ግን ባትሪው ላይ ሳይሆን በራሱ በአይሲው 8ኛና 1ኛ እግር መካከል ነው። ባትሪው ላይ 9 ቮልት እያለ አይሲው ላይ ምንም ከሌለ ጥፋቱ በመንገድ ላይ፣ ማለትም በሽቦው ወይም በመሞከሪያ ሰሌዳው ነው። በአንዳንድ ረጃጅም ሰሌዳዎች ላይ ዳር ያለው የኤሌክትሪክ መስመር መሐል ላይ የተቋረጠ መሆኑን ብዙዎች አያስተውሉም። ባትሪው ለብቻው ሲለካ ጥሩ ቮልት አሳይቶ ሥራው ላይ ሲሰካ ክፉኛ ከወረደ ደግሞ ወይ ደክሟል፣ ወይ አንድ ቦታ ኮንታክት አለ። 4ኛው እግርም 9 ቮልት ማግኘቱን እናረጋግጥ፤ እርሱ ኔጌቲቭ ላይ ከዋለ አይሲው ሥራውን ያቆማል።

ሦስተኛ፣ ሥራውን ለሁለት እንክፈለው። ወደ 3ኛው እግር እንሂድ። እዚያ ቮልቱ ግማሽ ግማሽ ሰከንድ ያህል እየቆየ ወደ ዜሮ አካባቢ ወርዶ ከ7 ቮልት በላይ ከወጣ አይሲው ደህና ነው፤ ጥፋቱ ከዚያ ወዲህ፣ በ470 ኦሙ ወይም በኤል.ኢ.ዲ.ዋ ላይ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ጥፋቱ ከዚያ ወዲያ ነው። በአንድ ልኬት ግማሹን ዕቃ ከጥርጣሬ ነጻ አወጣን ማለት ነው።

ጥፋቱ ከ3ኛው እግር ወዲያ ከሆነ 2ኛውን እግር እንለካ። ካፓሲተሩ በጤናው በ3 እና በ6 ቮልት መካከል ሲሞላና ሲጎድል ይኖራል። ቮልቱ ዜሮ አጠገብ ከቀረና መብራቷ ሳትጠፋ ከበራች፣ መሙያው መንገድ ተቋርጧል ወይም ካፓሲተሩ ተበላሽቷል። ወደ 9 ቮልት ወጥቶ እዚያው ከቆመና መብራቷ ከጠፋች ደግሞ ማጉደያው መንገድ፣ ማለትም የ7ኛው እግር ግንኙነት አልያዘም።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። መብራቷ ያለማቋረጥ የበራች መስላ፣ ቴስተሩ በ3ኛው እግር ላይ ወደ 4 ቮልት ገደማ ረግቶ ሊያሳይ ይችላል። ያኔ ሥራችን አልተበላሸም፤ ፈጥኗል እንጂ። በ10 ማይክሮ ፋራድ ፈንታ 0.1 ከገባ መብራቷ በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል ብልጭ ትላለች፤ ዐይናችን ደግሞ ይህን ለይቶ ማየት አይችልም። የሬዚስተር ቀለምም እንዲሁ ያሳስታል። ሰማያዊ፣ ግራጫና ብርቱካን 68 ኪሎ ኦም ሲሆን፣ ሦስተኛው ቀለም ቀይ ከሆነ 6.8 ብቻ ነው፤ መብራቷም በሰከንድ 6 ጊዜ ትቅበዘበዛለች።

ቴስተር የሌላችሁ አትዘኑ። ሌላ ኤል.ኢ.ዲ. ከ470 ኦም ሬዚስተር ጋር አያይዛችሁ ኔጌቲቯን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አገናኙ። በሬዚስተሩ ጫፍ 8ኛውንና 4ኛውን እግር ስትነኩ ከበራች ኤሌክትሪኩ ደርሷል። በ2ኛው እግር ላይ ግን አትሞክሩት፤ የካፓሲተሩን ሙሌት ስለምትጠጣው ታሳስታችኋለች።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሕግ አትርሱ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ የለወጣችሁትንና ያያችሁትንም በደብተር ጻፉ። ሦስት ነገር ባንድ ላይ ለውጦ መብራቷን ያበራ ሰው መብራት አገኘ እንጂ ዕውቀት አላገኘም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያው ጥፋት ሲመጣ እንደ አዲስ ይቸገራል። አይሲውን መለወጥ የመጨረሻው እርምጃ ይሁን።

ወላጆችም ልጃችሁ ጠረጴዛ ላይ ሽቦ በትኖ ስታዩ «በጨዋታ ጊዜህን ታባክናለህ» ከማለታችሁ በፊት ደብተሩን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። የለካውን ከጻፈ፣ ሳያረጋግጥ አለመፍረድን እየተማረ ነው፤ ይህ ደግሞ ከመብራቷ የሚበልጥ ትርፍ ነው። የእናንተ ድርሻ ድንበሩን ማሳየት ነው። ጀማሪ በባትሪ ብቻ ይሥራ፤ ከግድግዳው 220 ቮልት ይራቅ፤ አሮጌ ቴሌቪዥን አይክፈት፤ ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላልና። ብየዳ ካለ መስኮት ይከፈት፤ ብዙው የብየዳ ቆርቆሮ እርሳስ ስላለበት ከምግብ በፊት እጅ ይታጠብ።

እንግዲህ እምቢ ብላ መሳቢያ ውስጥ የተጣለች ሥራ ያለችው አንባቢ ያውጣትና ከ8ኛው እግር ይጀምር።