ቅርስን የሚያድነው ከቁሱ ጋር የሚስማማ ጥገና ነው

የጃናሞራዋ ደራስጌ ማርያም ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት፣ አፄ ቴዎድሮስም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ደብር መሆኗ ይታወቃል። እንዲህ ያሉትን ቅርሶች ከዝናብና ከውርጭ ለመታደግ የናኖ ቁሶች ምን ይረዱናል? ጥያቄው ከራሳችን ልምድ ተነሥቶ ሊመረመር ይገባዋል።

ለዚህ ትምህርት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የኢጣሊያ ወራሪዎች የጎንደርን የፋሲል ግቢ ሕንጻዎች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሲሚንቶና በአርማታ ጠግነው ነበር። ሲሚንቶ ግን ከኖራ ይልቅ ግትርና እርጥበትን የማያሳልፍ በመሆኑ ውኃንና ጨውን በግንቡ ውስጥ አምቆ ነባሩን ሥራ ይጎዳል። ስለሆነም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዩኔስኮ ድጋፍ በተካሄደው ጥገና ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆነ።

ናኖ ኖራ የተባለው ቁስ የተመሠረተው በዚሁ መርሕ ላይ ነው። አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ እጅ ነው። በዚህ መጠን የደቀቀው ኖራ በአልኮል ተበጥብጦ በላላው ልስን ውስጥ ይሰርጋል፤ አልኮሉ ሲተን ኖራው በእርጥበት አማካይነት ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ይጠነክራል፤ ልስኑንም መልሶ ያያይዛል። የፍሎረንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያዳበሩት ይህ ዘዴ በሜክሲኮ ካላክሙል የማያ ሕዝብ የግድግዳ ሥዕሎችን ለማዳን ውሏል። በዚያው አገር ቀደም ሲል ሥዕሎችን ለመጠበቅ የተቀባው ፕላስቲክ ነክ ቅብ ጨውን አምቆ ቀለሙን እንዳረገፈ መዘንጋት የለበትም።

ይሁን እንጂ ናኖ ኖራ የሁሉም ደዌ መድኃኒት አይደለም። ብዙዎቹ የጎንደር ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ የተሣሉ ናቸው። በእርጅና አሲድ ያበዛውን ጨርቅ ደቃቅ ኖራ ሊያረጋጋው ቢችልም፣ አልካሊ ሲነካቸው የሚለወጡ ቀለሞች መኖራቸው ብርቱ ጥንቃቄን ይጠይቃል። የላሊበላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይም ከኖራ ልስን የተለየ ባሕርይ አለው።

ስለዚህ ከግዢው ምርመራው ይቅደም እንላለን። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የደብር አገልጋዮችና የኖራን ጠባይ የሚያውቁ ግንበኞች ዕውቀታቸውን አስተባብረው የየቅርሱን ቁስ መለየት፣ በትንሽ ስፍራ መሞከር፣ ውጤቱንም ከክረምት እስከ በጋ መከታተል ይኖርባቸዋል። ዕውቀቱ በእጃችን ሳይገባ ብልቃጡ ብቻ ቢመጣ፣ ትናንት በሲሚንቶ የተፈጸመው ስሕተት ነገ በናኖ ስም መደገሙ አይቀርም።