ሣሩን በየቅዳሜው የሚላጩት አባወራ

“ከባለቤቴ ጋር ከተኮራረፍን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው” ይላል ከሸዋ ሮቢት የደረሰኝ ደብዳቤ። እኔም ውሽማ ነው፣ ወይ ገንዘብ ነው ብዬ ስቸኩል ነገሩ ሣር ሆኖ አረፈው! አባወራው ከአዲስ አበባ ተዛውረው የመጡ ናቸው። እዚያ እንደለመዱት ክረምት አይሉ በጋ፣ በየቅዳሜው ግቢውን በማጨጃ መኪና እስከ አፈሩ ይላጩታል። ወይዘሮዋ “እባክህ ተው፣ ይረፍበት” ሲሉ “አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ?” ይባላሉ። ባለፈው ግንቦት የግቢው መሐል ተመለጠ። ጥር ላይ ደግሞ የልጃቸው ሠርግ አለ፤ ድንኳኑ የሚተከለው እዚያው ላይ ነው።

እትዬ፣ እውነቱ ከእርስዎ ጋር ነው። (ጋዜጣውን እሳቸው በሚያዩት ቦታ ረሳ ያድርጉትማ!)

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጣርማ በርን አልፈው፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲገቡ ግን 1,300 ሜትር ግድም ላይ ነዎት። በይፋት ቆላ ሣር የሚፋፋው በበልግና በክረምት ዝናብ ነው። በመሐል ያሉት ግንቦትና ሰኔ እሳት ናቸው። ስለዚህ ቅዳሜን ትተው ሣሩን ይዩ። ካለው ቁመት ከሢሶው በላይ በአንድ ጊዜ አይቆረጥ፤ ስድስት ሳንቲ ሜትር ከደረሰ አራት ላይ ይቁም። ሣር ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው። ከላጩት የሥሩን ስንቅ መብላት ይጀምራል፣ ፀሐዩም አፈሩን ያገኘዋል።

የግቢዎ ሣር ሰርዶ ከሆነ (ቆላውን የሚችለው እሱ ነው) ከሐምሌ እስከ መስከረም በሳምንት አንዴ ይታጨድ፤ ዝናቡ ሲበረታ በአምስት ቀንም ያስኬዳል። ጥቅምት ላይ ወደ ሁለት ሳምንት ይራቅ። ከኅዳር እስከ ጥር ውኃ የሚጠጣ ከሆነ በሦስት ሳምንት አንዴ፤ ካልጠጣ ማጨጃው ቁጭ ይበል። በልጉ ከዘነበ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በአሥር ቀን። ግንቦትና ሰኔን ዘለግ አድርገው ይተዉት። ቢጫ ቢሆን አይደንግጡ፣ ሰርዶ ተኝቶ ነው። ገበሬው ነቅሎ ነቅሎ ያልጨረሰው ሣር እኮ ነው!

ወደ ሠርጉ እንምጣ። መስከረም ሳይወጣ ከዳር ዳር የሰርዶ ሐረግ እየመዘዙ በተመለጠው ቦታ ይትከሉ፤ የበሰበሰ ፍግም ነስነስ ያድርጉበት። እስኪይዝ ድረስ አፈሩ አይድረቅ። ከያዘ በኋላ በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ፣ ማለዳ፣ እስኪጠግብ ማጠጣት ነው። በየማታው መርጨቱ ይቅርብዎት። ውኃውን የሽንኩርት ማሳውም ይፈልገዋል፤ ግቢ ውስጥ ካቆረ ደግሞ የወባ ትንኝ ይፈለፈልበታል፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ሙሽራዋ በወባ ብትተኛ ሣሩ ምን ሊረባ?

ለሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጫፍ ጫፉን ብቻ ይከርክሙ። ድንኳኑን ዋዜማውን ያስተክሉ፤ ከሰነበተ ሣሩ ከሥሩ ይገረጣል። የታጨደውን ለሠርጉ በግ ይስጡት።

ማጨጃውን ግን እንዳይደብቁባቸው! ምላጩን ያስስሉ ዘንድ ይላኳቸው። የደነዘዘ ምላጭ ሣሩን ይበጣጥሰዋል፣ ጫፉም ይቃጠላል። እኔ ቤት በደነዘዘ ማጭድ የሆነውን ብነግርዎ ይስቁብኛል። “ምላጩን አሳልልኝ” ማለት ለኩርፊያ መፍቻም አይከፋም። ጥር ላይ መጥሪያውን በዝግጅት ክፍሉ አድራሻ ይላኩልኝ።