በሁለት ዓመቱ ኮሌጅ ማለፍ ውርደት አይደለም

ባለፈው የካቲት የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን እያንዳንዳችንን እያስነሡ ወደ ፊት ምን ለመማር እንዳሰብን ጠየቁን። የኔ ተራ ደርሶ «አሜሪካን አገር እናቴና እኅቴ ዘንድ ሄጄ፣ በአንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ የወንጀል ፍትሕ ትምህርት ጀምሬ፣ ከዚያ ወደ ዩኒቨርስቲ ለመዛወር ነው» ብዬ ብመልስ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ፖሊስ ለመሆን ውቅያኖስ መሻገር ምን አደከመህ?» አለ። አስተማሪያችን ሳቁን ቢያስቆሙትም ደወል ስለ ተደወለ መልስ ለመስጠት ጊዜ አላገኘሁም። ስለዚህ ያን ዕለት ያልተናገርሁትን በዚህ መጽሔት ለመናገር ፈቀድሁ።

በመጀመሪያ «ኮሌጅ» የሚለው ቃል ለምን እንደሚያስቀን ልናገር። እኛ ያደግነው አንድ ጠባብ በር እያየን ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በዚህ በር ያላለፈውን ልጅ ጎረቤት ሁሉ «ኮሌጅ ገባ እኮ» እያለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራዋል። እንግዲህ በሩ ለሁሉ ክፍት የሆነ ትምህርት ቤት አለ ሲባል፣ ክፍት የሆነው ሁሉ የረከሰ ስለሚመስለን እንስቃለን።

ነገሩ ግን ሌላ ነው። (ከዚህ በኋላ ስለ አሜሪካ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከአገሪቱ የሕዝብ የሁለት ዓመት ኮሌጆች አንጋፋው በኢሊኖይ ግዛት፣ በጆሊየት ከተማ በ1901 የተከፈተው ነው። ዓላማውም ተማሪው ከቤቱ ሳይርቅ የዩኒቨርስቲውን የመጀመሪያ ሁለት ዓመት እንዲጨርስ ነበር። የባችለር ዲግሪ ባብዛኛው 120 ክሬዲት ይጠይቃል፤ 60ው በኮሌጁ፣ የቀረው በዩኒቨርስቲው ይማሩታል። በመጨረሻም በዲግሪው ወረቀት ላይ የሚጻፈው የዩኒቨርስቲው ስም ነው። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ፣ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርስቲ ከ2018 ጀምሮ «አድቫንስ» በሚባል ስምምነት ተማሪውን ገና ኮሌጅ ሳለ የመዛወሪያውን መንገድ ያስይዙታል።

«ፖሊስ» ብሎ ለሳቀውም መልስ አለኝ። የበርክሊ ከተማ የፖሊስ አዛዥ የነበረው ኦገስት ቮልመር ራሱ ብዙ ያልተማረ ሰው ሆኖ ሳለ፣ በ1916 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ የወንጀል ጥናት ትምህርት እንዲጀመር አደረገ። በ1967 ደግሞ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ያቋቋሙት ኮሚሽን ፖሊሶች ከፍተኛ ትምህርት እንዲኖራቸው አሳሰበ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ሕግ ለሚማሩ ፖሊሶች ብድርና ድጎማ ስለ ፈቀደ፣ ትምህርቱ በሁለት ዓመት ኮሌጆች ውስጥ እንደ አሸን ፈላ። ከሥራ መልስ ማታ ለሚማር ሰው የሚመቸው ይኸው ኮሌጅ ነበረና።

ትምህርቱም ፖሊስን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ ማረሚያ ቤት፣ ስለ አመክሮ፣ ስለ ወጣት ጥፋተኞች ሁሉ ያስተምራል። አያቴ ግን «የልጅ ልጄ ሕግ ሊማር ነው» ብለው ለሰንበቴ ማኅበራቸው ስለ ነገሩ አሁን ማረም አስቸግሮኛል። በዚያ አገር ጠበቃ ለመሆን የሚሻ ሰው አስቀድሞ በፈለገው መስክ ባችለር ይይዛል፤ ሕግ የሚማረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እርሱም ባብዛኛው ሦስት ዓመት ይፈጃል።

ታዲያ ይህን ትምህርት ለምን መረጥሁ? የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ የሰፈራችን ልጅ በስርቆት ተጠርጥሮ ተያዘ። እናቱ አምስት ቀን ሙሉ ምሳ ዕቃ ይዘው ከጣቢያው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ ከትምህርት ቤት ስመለስ አያቸው ነበር። በ1987 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይናገራል። ይህን እርሳቸውም አያውቁም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ልጁ በኋላ በነፃ ተለቀቀ። እኔ ግን የእናቱን አቀማመጥ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እኅቴ በቨርጂኒያ ይህንኑ ትምህርት በሁለት ዓመት ኮሌጅ ስትጀምር፣ ስለ ክላረንስ ጊድየን በስልክ አጫወተችኝ። ይህ ሰው ጠበቃ መቅጠሪያ የሌለው ድኻ ነበር። በፍሎሪዳ ታስሮ ሳለ በእጁ የጻፈውን አቤቱታ ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላከ፤ ፍርድ ቤቱም በ1963 በከባድ ወንጀል ለተከሰሰ ድኻ ጠበቃ እንዲቆምለት ወሰነ። ጉዳዩም እንደገና ታይቶ ጊድየን በነፃ ወጣ። ይህ ትምህርት በተሰጠበት ክፍል ከእኅቴ በስተ ቀኝ ሃያ ዓመት ያገለገለ ፖሊስ፣ በስተ ግራ ደግሞ አራት ዓመት ታስሮ የወጣ ሰው ተቀምጠው ይከራከሩ ነበር። እንዲህ ያለ ክርክር እንደ እኛ ባሉ ልጆች ብቻ በተሞላ ክፍል የሚገኝ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ መንገዱን ሳመሰግን እሾሁን መደበቅ አልሻም። በብዙ ኮሌጆች ይህ ትምህርት በሁለት መልክ ይሰጣል፤ አንደኛው በቀጥታ ለሥራ፣ ሁለተኛው ለመዛወር የሚያሰናዳ ነው። ስማቸው ስለሚቀራረብ እንግዳ ሰው አይለያቸውም። እኅቴ መጀመሪያ የተመዘገበችው ለሥራ በሚያሰናዳው ነበር። አማካሪዋ አልጠየቃትም፤ እርሷም አልጠየቀችውም። በኋላ ለመዛወር ስታመለክት ዩኒቨርስቲው ሦስት ኮርሶቿን፣ ማለት 9 ክሬዲት፣ አልቆጥርም አላት። ማታ ማታ በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆና የምትሠራ ስለ ሆነች፣ ያ ገንዘብ የስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደ ነበረ የምታውቀው እርሷ ናት። የካሊፎርኒያ ግዛት ይህን የመሰለውን ችግር አይቶ በ2010 ሕግ አውጥቷል፤ ለመዛወር የተሰናዳውን 60 ክሬዲት የጨረሰ ተማሪ በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርስቲ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ያገኛል፤ የፍትሕ አስተዳደርም ከነዚህ ትምህርቶች አንዱ ነው። ሁሉም ግዛት እንዲህ ቢያደርግ መልካም ነበር።

አባቴ «የጀመረ ሁሉ አይጨርስም» ይላሉ። እውነት አላቸው። ለመዛወር አስበው ከሚገቡት አብዛኞቹ ባችለር ሳይዙ ይቀራሉ፤ ሥራው ይውጣቸዋል፣ የቤት ኪራይ ይይዛቸዋል። እኔም ከነሱ አንዱ አልሆንም ብዬ ለመማል አልደፍርም። ሆኖም በቀጥታ ዩኒቨርስቲ ብገባ ያው ኪራይ ይጠብቀኛል፤ ዕዳውም ይበዛል። ስመዘገብ ይዤ የምገባው ጥያቄ «ይህ ኮርስ በየትኛው ዩኒቨርስቲ፣ በምን ስም ይቆጠራል?» የሚል ነው፤ መልሱንም በጽሑፍ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ።

ከኋላ ወንበር የሳቀው ጓደኛዬ አሁንም ተቃውሞ ካለው በደብዳቤ ይላክልኝ። የእኅቴን አድራሻ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ሰጥቻቸዋለሁ።